የቤት ዶሮ ሲመረጥ ጠባይዋም ይመዘን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የግብርና ገጽ ስለ ዶሮ እርባታ የሚወጣ ጽሑፍ ሳላነበው የሚያልፈኝ የለም። አብዛኞቹ ጽሑፎች ግን፣ ልክ እንደ ገበያው ጨዋታ፣ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራሉ፤ ሴቷ በዓመት ስንት እንቁላል ትጥላለች፣ ወንዱስ በስንት ወር ስንት ኪሎ ይደርሳል በሚሉት። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዶሮ በጓሮው ለማርባት ለሚያስብ ቤተሰብ ከእነዚህ እኩል፣ እኔ እንደማምነው ከእነዚህም አስቀድሞ፣ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ የዶሮዋ ጠባይ እንዴት ነው የሚለው። ይህ ጥያቄ ሲነሣ ስለማልሰማ ነው ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ለብዙ ሺህ ዶሮዎች በተሠራ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ደንባራ ዶሮ የማንንም ኑሮ አታውክ ይሆናል። የቤት ዶሮ ግን ከሰው ጋር ነዋሪ ናት። እዚህ ጎጃም ውስጥ በአብዛኛው ቤት ቆጧ ከማድ ቤቱ ጥግ ነው፤ ቀን ቀን ስጥ በተሰጣበት ሰሌን ዳር ትዞራለች፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጅ ትጭራለች፤ የጠላ አተላ ሲደፋ ቀድማ የምትደርሰው እርሷ ናት። የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር አጥር ዘልላ ጎረቤት እህል ውስጥ የምትገባ፣ ወይም እንቁላሏን ከቁጥቋጦ ሥር እየደበቀች ለሸለምጥማጥ የምትቀልብ ዶሮ በወረቀት ላይ የተጻፈላት የእንቁላል ብዛት ምንም ቢሆን ለባለቤቷ የምታስገባው ገቢ ከዚያ በታች ነው። ይልቁንም ሕፃን የሚያባርር አውራ ዶሮ ያለበት ግቢ ውስጥ ዶሮ የማርባት ፍላጎት ራሱ እየጠፋ ይሄዳል። የቤት ዶሮ ጥራት ሲለካ ጠባይ ከመለኪያው ውጭ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ጠባይ ለመነጋገር ግን አስቀድሞ ንጹሕ ዝርያ ከድቅል መለየት አለበት። በየወረዳው በብዛት የሚከፋፈሉት ቦቫንስ ብራውንና ሳሶን የመሳሰሉት ዶሮዎች የተለያዩ የወላጅ መስመሮች ተዳቅለው የተገኙ የኩባንያ ድቅሎች ናቸው። ለተፈጠሩበት ዓላማ ጥሩ ዶሮዎች መሆናቸውን አልክድም፤ መኖና ክትባት በወቅቱ ያገኘች ቦቫንስ በዓመት ከ300 የማያንስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ነገር ግን ከእነርሱ እንቁላል አስታቅፎ እናቲቱን የሚመስል ጫጩት ማግኘት አይቻልም፤ ልጆቹ በመልክም፣ በምርትም፣ በጠባይም ይበታተናሉ። ንጹሕ ዝርያ የሚባለው ብዙ ትውልድ እርስ በርሱ እየተራባ የጸና በመሆኑ ልጁ ወላጆቹን ይመስላል። ስለዚህ ረጋ ያለችውን እናት መርጦ ረጋ ያሉ ልጆችን ማግኘት የሚፈልግ፣ በየዓመቱም አዲስ ጫጩት መግዛት የማይሻ አርቢ ፊቱን ወደ ንጹሕ ዝርያ ማዞር ይኖርበታል።

ከውጭ የመጡት ንጹሕ ዝርያዎች ለአገራችን አዲስ አይደሉም። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርን፣ ኒው ሃምሻየርና አውስትራሎርፕ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ በአለማያና በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ገብተዋል፤ ከዚያ ወዲህም ከግብፅ ፋዩሚ፣ ከደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኮኮክ መጥተዋል። ሁሉም «የፈረንጅ ዶሮ» በሚል አንድ ስም ይጠሩ እንጂ በጠባይ የሚለያዩት በመልክ ከሚለያዩት ይበልጣል።

ነጭ ሌግሆርን መነሻዋ ጣሊያን ነው። ሰውነቷ ቀላል፣ መኖዋ ጥቂት፣ ነጭ እንቁላሏ ብዙ ነው፤ መታቀፍ ግን አትወድም። እንግዳ ድምፅ ስትሰማ መንጋው በሙሉ ተነሥቶ ወደ አንድ ጥግ ይጎርፋል፤ ጠባብ ቤት ከሆነ ተረጋግጠው ይሞታሉ። እንቁላል በመሸጥ ለሚተዳደርና የተለየ የዶሮ ቤት ላለው ሰው ትስማማ ይሆናል፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ግን ለእርሷም ለሰውም ዕረፍት የለም። ፋዩሚ ስሟን ያገኘችው ከግብፁ የፋዩም አውራጃ ሲሆን ከሌግሆርን የባሰች ደንባራ ናት። አንገቷ ብርማ፣ ገላዋ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ፣ እግሯ ግራጫ፣ ዓይኗ ጥቁርና ትልቅ ነው። በእጅ ስትያዝ እስክትለቀቅ ትጮኻለች፤ ሲዘጋባትም ትከሳለች። ይሁንና ሙቀትን በመቻል፣ በሽታን በመቋቋምና ጥሬዋን ራሷ ፈልጋ በማደር የሚስተካከሏት ጥቂቶች ናቸው፤ እንቁላልም የምትጀምረው በአምስት ወር ገደማ ነው። በዓባይ በረሃ አፋፍ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል እንዳሉት ቆላማ ቦታዎች ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ይህ ጠባይ ነውር ሳይሆን መከላከያ ሊሆን ይችላል።

ሮድ አይላንድ ሬድ በአሜሪካ ከምትገኘው ትንሿ የሮድ አይላንድ ግዛት ገበሬዎች እጅ የወጣ፣ በ1904 በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ የዝርያ መዝገብ የሠፈረ ዶሮ ነው። ሴቷ ረጋ ያለች፣ ሰው የማትሸሽ፣ ቡናማ እንቁላል የምትጥል ስለሆነች ለቤት ዶሮነት የምትመሰገን ናት። የወንዱ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በዚህ ዝርያ ውስጥ ሰው ላይ የሚዘምቱ አውራ ዶሮዎች አይታጡምና አባት የሚሆነው ሳይመረጥ መቅረት የለበትም። አውስትራሎርፕ ጥቁር፣ ከባድና ለስላሳ ጠባይ ያላት ናት፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ በተደረገ ውድድር ስድስት ሴቶች በዓመት በአማካይ ከ309 እንቁላል በላይ በመጣላቸው በዓለም ታውቃለች። ገራምነትና እንቁላል አብረው አይሄዱም ለሚሉ ሰዎች እርሷን አሳያለሁ።

ኮኮክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ግቢ የምትቀርበው እርሷ ትመስለኛለች። በደቡብ አፍሪካ በፖትቸፍስትሩም የእርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ ከጥቁር አውስትራሎርፕና ከነጭ ሌግሆርን ተዳቅላ፣ ኋላም ራሷን ችላ የጸናች ዝርያ ናት። ላባዋ በጥቁርና በነጭ መስመር የተሰመረ፣ እግሯ ቢጫ፣ ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው። እንቁላል ከመጣሏም በላይ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ይህም የመብራት መፈልፈያ በሌለበት ገጠር ትልቅ ነገር ነው። ሌላው መልካም ነገሯ የጫጩቶቿ ጾታ በተፈለፈሉ ቀን በዓይን መለየቱ ነው፤ በወንዱ አናት ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ከሴቷ ሰፋ ያለና የተበተነ ነው። ጠባይዋ ከሌግሆርን ይልቅ ወደ አውስትራሎርፕ ያደላል፤ ጥሬ ይዞ የሚመጣውን ሰው ትቀርባለች፤ አጥር ለመዝለልም ሰውነቷ አይፈቅድላትም።

ጠባይ በአያያዝ ብቻ የሚመጣ እንጂ በዘር የሚወረስ አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሳይንሱ ማስረጃ ግን ሌላ ነው። በስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቤት ዶሮ ዋና ምንጭ ከሆነው ቀይ የዱር ዶሮ መንጋ ሰው መፍራታቸው አነስተኛ የሆኑትን ብቻ እየመረጡ ሲያራቡ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ልጆቹ ገሩ፤ ያውም ክብደታቸውም ሆነ የእንቁላላቸው መጠን አብሮ ጨመረ። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ሙዊር ያደረጉት ደግሞ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። አንዷን ምርጥ ጣይ ከመንጋው ነጥለው በመምረጥ ፈንታ እኅትማማች ዶሮዎችን በአንድ ጎጆ አኑረው፣ በአንድነት ሲቆጠሩ ብዙ እንቁላል የጣሉትንና ብዙዎቹ በሕይወት የቆዩትን ጎጆዎች መረጡ። በ1996 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ውጤት መሠረት በጥቂት ትውልድ ውስጥ ወደ ጎጆ የገባች አንዲት ዶሮ በዓመት የምትሰጠው እንቁላል በአማካይ ከ91 ወደ 237 ከፍ ብሏል። ዋናው ምክንያት ዶሮዎቹ እርስ በርስ መነቋቆርና መገዳደል ማቆማቸው ነበር። ለብቻዋ ስትታይ ከሁሉ የበለጠች የምትመስለው ጣይ ጓደኞቿን እየነቆረች መኖ የምትነጥቅ ጉልበተኛ ልትሆን እንደምትችል ይህ ሥራ በግልጽ አሳይቷል። እኛም በጓሯችን «ዋናዋ ጣይ» የምንላትን ዶሮ ከማስታቀፋችን በፊት በእርሷ ምክንያት ከቆጥ የሚወርዱ፣ ጀርባቸው የተላጨ፣ ከመኖ ዳር የሚቆሙ ሌሎች ዶሮዎች እንዳሉ ማየት ይገባናል።

ከሴቷ ይልቅ ወንዱ ነው የመንጋውን ጠባይ የሚወስነው፤ አንድ አውራ ለአሥር ሴት ያህል ስለሚበቃ በሚቀጥለው ዓመት የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ሁሉ የእርሱ ልጆች ናቸው። መልካም አውራ ዶሮ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ማለዳ ከቤት ሲወጡ አስተውሉት። አንድ ጥሬ ወይም ትል ሲያገኝ ቶሎ አይውጠውም፤ በአፉ እያነሣ መልሶ እየጣለ፣ አንገቱን ዝቅ ከፍ እያደረገ በፈጣን ድምፅ ሴቶቹን ይጠራል፤ እነርሱ እስኪበሉም ቆሞ ይጠብቃል። ሴት ሲቀርብ አንድ ክንፉን ወደ መሬት ዘርግቶ በጎን ይዞራታል እንጂ ከኋላ ሮጦ አይይዛትም። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ አንድ ዓይኑን ወደ ላይ አዙሮ ረዘም ያለ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል፤ ሴቶቹም ወዲያው ከቁጥቋጦ ሥር ይገባሉ። ሰው ሲቀርበው ግን ከመንገድ ዞር ይላል። ክፉው አውራ ደግሞ ሰው ጀርባውን ሲሰጠው የሚከተል፣ የቀሚስ ጫፍ የሚነክስ፣ ከእግሩ ኋላ ባለው ሹል ጥፍር የሚመታ፣ የሴቶቹንም አናት በመንቆር የሚያላጭ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ቀለሙ ምን ያህል ቢያምር፣ አባት ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ቦታው ድስት ነው።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ አንድ ልማድ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ገበያ ላይ ዶሮ የሚመረጠው በቀለሙና በአናቱ ቀይ ሥጋ ነው። ቀዩ፣ ገብስማው፣ ዝግርማው፣ ልብ ወርቁ የየራሱ ፈላጊ አለው፤ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ድርብ የሆነው አውራ ከነጠላው በላይ ያወጣል። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ገበያ ሲደርስ ደግሞ ከግቢው ግዙፉ፣ ላባው የሚያብረቀርቀው፣ በእጅም ለመያዝ የማያስቸግረው አውራ ተይዞ ይሸጣል። የሚቀረው ማን ነው? ትንሹ፣ ቀጭኑ፣ ሲያባርሩት ጣሪያ ላይ የወጣው። ለሚቀጥለው ትውልድ አባት የሚሆነውም እርሱ ነው። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ያህል፣ ትልቁንና ገራሙን እየሸጥን ትንሹንና ደንባራውን ስናስቀር ኖረናል ማለት ነው። ችግር ያለበት ቤተሰብ ዋጋ የሚያወጣለትን መሸጡ ተገቢ ነው፤ ማንም በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ከበዓሉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንዱን ምርጥ ወንድ በእግሩ ክር አሥሮ «ይህ አይሸጥም» ማለት ከአንድ ዶሮ ዋጋ የበለጠ ወጪ የለውም።

የአገራችንን ዶሮ ያነሣሁት ለማናናቅ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት የጥሊሊ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የጓንጓና የሜጫ ዶሮዎችን ለይተው መዝግበዋል፤ እነዚህ ሁሉ የጎጃም ናቸው። ያለ ልዩ መኖ የምታድረው የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጣል እንጂ በእናትነቷ የሚያክላት የለም። ጫጩቶቿን ይዛ በምትወጣበት ጊዜ ላባዋን ነፍታ ውሻ ሳይቀር ታባርራለች፤ ጭልፊት ባየች ቅጽበት ሁሉንም በክንፏ ሥር ትሰበስባለች። ይህ ቁጡነት በጫጩት እናት ላይ ሲታይ ነውር ሳይሆን ምግባር ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ገራሟ ትመረጥ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ቀኑን ሙሉ በሜዳ የምትውል ዶሮ ንቁ መሆን አለባት፤ እጅግ የለዘበችና ነጭ ላባ ያላት ከባድ ዶሮ አሞራና ጭልፊት በበዛበት ገላጣ ሜዳ ብዙ ዕድሜ የላትም። በአጥር ውስጥ የምትኖረው ረጋ ያለች፣ በሜዳ የምትውለው ንቁ ነገር ግን ሰው የማትፈራ ትሁን ነው የምለው። ንቃትና ድንባሬ የተለያዩ ናቸው፤ ንቁዋ ጭልፊትን ትሸሻለች፣ ደንባራዋ ግን ጥሬ የሚበትንላትን እጅ ጭምር ትሸሻለች።

የአገር ዶሮ በምርጫ ሊሻሻል እንደሚችልም በአገራችን ታይቷል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ሆሮ የተባለውን የወለጋ የአገር ዶሮ ከውጭ ዘር ጋር ሳይቀላቅል በክብደትና በእንቁላል ብዛት እየመረጠ ሲያራባ ቆይቶ ምርቱ በግልጽ ጨምሯል። የጥሊሊን ዶሮ በእንቁላሏም በጠባይዋም መርጦ የሚያራባ ሥራ በጎጃም ቢጀመር ከልብ የምደሰትበት ነገር ነው።

አሁን ስለ አመራረጡ። ቄብ ወይም አውራ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ከተቻለ ወላጆቹ ባሉበት ግቢ ሄዶ ቢያይ ይመረጣል። ወደ መንጋው በዝግታ ተጠግቶ ይቁም፤ ሁሉም ተነሥተው ከጥግ ከተከማቹ፣ ደቂቃዎች አልፈውም ካልተረጋጉ ሌላ ቦታ ይፈልግ። የሚሻሉት ለአፍታ ደንገጥ ብለው ወዲያው መጫር የሚቀጥሉት ናቸው። ለጫጩቶች ደግሞ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት፣ ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል መፈተኛ አለ፤ ጫጩቷን በጀርባዋ አስተኝቶ በእጅ ደረቷን ለ15 ሰከንድ ያህል በቀስታ ይዞ መልቀቅ ነው። ከፍርሃት የተነሣ ደርቃ ብዙ ደቂቃ የምትቆየው ፈሪዋ ናት፤ ቶሎ ተገልብጣ የምትነሣው ደፋሯ ናት። ከአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

የሰውነት ጥራቱም ከዚህ ጋር አብሮ ይታይ። ዓይኗ የጠራና የጎላ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ የደረቷ አጥንት ያልጎበጠ፣ የእግሯ ቅርፊት ወደ ላይ ያልተነሣ ይሁን፤ ቅርፊቱ ከተነሣ ከሥሩ ቅንቅን አለ ማለት ነው። በጣይነት ላይ ያለች ዶሮ የአናቷ ሥጋ ቀይና ሞቃት ነው፤ ከጅራቷ በታች ባሉት ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይገባል፤ የማትጥለዋ ግን አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ ታስገባለች። እግራቸው ቢጫ በሆኑት በሮድ አይላንድና በኮኮክ ላይ ደግሞ ብዙ የጣለች ዶሮ የእግሯ ቢጫ ቀለም እየነጣ ይሄዳል፤ ስለዚህ በጣይነት ላይ ባለች ዶሮ እግር ላይ የነጣ ቀለም ማየት ጥሩ ምልክት ነው እንጂ የበሽታ አይደለም። ዝርያው ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ የጆሮዋን ሥር ማየትም ይጠቅማል፤ ሌግሆርን ነጭ፣ ሮድ አይላንድና አውስትራሎርፕ ቀይ ናቸው። ሮድ አይላንድ ነው ተብሎ የተሸጠ ቀይ ቄብ ነጭ ላባ እያወጣ ካደገ ድቅል ሳይሆን አይቀርም፤ ከአንድ አከፋፋይ በንጹሕ ዝርያ ስም የተገዙ ጫጩቶች እንዲህ ሆነው የቀሩባቸው ጎረቤቶች አሉኝ።

የተመረጠውን ዘር አያያዝ እንዳያበላሸው ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ገራም ዝርያ የሆነችም ዶሮ ከተጨናነቀች፣ ወይም በመኖዋ ውስጥ ገንቢ ምግብ ካጣች የጓደኛዋን ላባ መንጨት ትጀምራለች፤ ደም ከታየ በኋላ ማቆም አስቸጋሪ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ወይም ከአምስት ዶሮ ባይበልጥ፣ ለእያንዳንዷ ቆጥ ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ቢኖራት፣ ወለሉ ላይ የምትጭረው የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ ቢነጠፍ፣ ከበቆሎውና ከግርዱ ጋር የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርላት ከጠብ አብዛኛው ይጠፋል። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእጅ ጥሬ እየበሉ ቢያድጉ ካደጉ በኋላም ሰው አይሸሹም። በዚህ ረገድ ልጆች ከሁላችንም የተሻሉ አሠልጣኞች ናቸው።

ንጹሕ ዝርያን ጠብቆ ማቆየት ትልቁ ፈተና ነው፤ የጎጃም ግቢ አጥሩ ዶሮ አያግድምና። የጎረቤት አውራ አንድ ቀን ከገባ ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ሴት ዶሮ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለሦስት ሳምንት ይዛ መቆየት ስለምትችል በዚያ ጊዜ የተጣሉት እንቁላሎች አባታቸው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለማስታቀፍ የሚሰበሰበው እንቁላል ሴቶቹ ከተመረጠው አውራ ጋር ብቻቸውን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ከቆዩ በኋላ የሚጣለው ሊሆን ይገባል፤ የቀረውን መሸጥ ወይም መብላት ይቻላል። አባት ከልጁ ጋር ለብዙ ትውልድ ሲራባ ደግሞ የሚፈለፈለው እየቀነሰ፣ ጫጩቱ እየደከመ ስለሚሄድ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አውራውን መለወጥ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ዝርያ የሚያረቡ ሦስትና አራት ጎረቤቶች ቢስማሙ አውራዎቻቸውን በየተራ መለዋወጥ ይችላሉ። ከብትም ሆነ ዶሮ በርቢ መስጠትና መቀበል በአገራችን የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም።

ስለ በሽታ በአጭሩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፈንግል ንጹሕ ዝርያም ሆነ የአገር ዶሮ አይለይም፤ በክረምቱ መግቢያ ገደማ መንደር ሙሉ ይጠርጋል። ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ስለሚያዘጋጀው የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቆ በወቅቱ ማስከተብ ይገባል። ለብዙ ዓመት የተመረጠ መንጋ በአንድ ሳምንት ሲያልቅ የሚጠፋው ዶሮው ብቻ አይደለም፤ የተለፋበት ጠባይም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ በጎጃም ጫጩት የምታባዙና የምታከፋፍሉ ድርጅቶችና ግለሰቦች ሁሉ፣ ጫጩት ስትሸጡ ለገዢው በአንዲት ወረቀት ላይ አራት ነገር እንድትጽፉለት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ዝርያው ንጹሕ ወይም ድቅል መሆኑን፣ የተፈለፈለበትን ቀን፣ የተሰጠውን ክትባት፣ እንዲሁም ወላጆቹ በአጥር ውስጥ ለመኖር የሚስማሙ ወይም ለሜዳ የሚሻሉ መሆናቸውን። ገዢው ይህን አውቆ ከመረጠ በኋላ ለሚመጣው ነገር ራሱ ኃላፊ ነው። ለክቡር አዘጋጁም ጥያቄ አለኝ፤ በአንዳሳ ያሉትን የእንስሳት ምርምር ባለሙያዎች ጠይቃችሁ በአሁኑ ጊዜ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም እንዲሁም በአዊ የኮኮክና የሮድ አይላንድ ሬድ ንጹሕ ዘር የሚገኘው የት እንደሆነ፣ የጥሊሊንም ዶሮ ለማሻሻል የተጀመረ ሥራ ካለ በገጻችሁ ብታወጡልን የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ይመለሳል። ክረምቱ አልፎ ጫጩት ለማሳደግ የሚመቸው የመስከረምና የጥቅምት ወር ከመድረሱ በፊት ቢሆንልን ደግሞ ለዚህ ዓመት እንደርስበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ዶሮ አርቢ አንባቢያችሁ
ከቡሬ፣ ጎጃም